ከፋዩ ፑኝዶ፣ አንባቢው አዲስ አበባ

ስለ መንግሥት ማስታወቂያ ዋጋ ቁጥጥር ለፑኝዶ ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የዛሬው ጉዳያችን ሰው ሁሉ ገልጦ የሚያልፈው የጋዜጣ ገጽ ነው። ጨረታ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የሐራጅ ሽያጭ፣ የጠፋ ካርታ የሚወጣበት፣ ፊደሉ ደቃቅ የሆነው ገጽ። አሰልቺ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን እዚያ ላይ ያለችው እያንዳንዷ መስመር ተከፍሎባታል፤ ከከፋዮቹም አንዱ እናንተ ናችሁ።

ከዚሁ ከደጃችን እንጀምር። ወረዳችን ጎግ ለትምህርት ቤት የተማሪ መቀመጫ ሊገዛ ነው እንበል። ግዥው ግልጽ ጨረታ የሚያስፈልገው መጠን ላይ ከደረሰ ማስታወቂያ መውጣት አለበት። ጽሑፉ እዚህ ይረቀቃል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ በዚያም ይታተማል። አዲስ አበባ ከጋምቤላ ከተማ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ጋምቤላ ደግሞ በአቦቦ በኩል ከእኛ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ረቂቁ በኢሜይል በደቂቃ ይሄዳል፤ የታተመው ወረቀት ግን በመኪና ነው የሚመለሰው። ክረምት ላይ ያ መንገድ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ጋዜጣው ሲደርስ ማስታወቂያው ተቆርጦ ከግዥው ፋይል ጋር ይያያዛል፤ እዚህ የሚያነበው ኦዲተሩ ነው። እንጨት የሚሠራው የከተማችን ልጅ ወሬውን የሚሰማው መቀመጫው ተሠርቶ ከመኪና ሲወርድ ነው።

እንግዲህ ስለ ዋጋ ስንነጋገር ሁለት ዋጋ አለ። አንደኛው ለጋዜጣው የሚከፈለው ብር ነው። ሁለተኛው ተከፍሎም ሰሚ ሲጠፋ የሚመጣው ኪሳራ ነው። ስለ ማስታወቂያ ዋጋ ቁጥጥር የሚነሳው ክርክር ብዙውን ጊዜ አንደኛው ላይ ይቀራል። እኔ ዛሬ የምከራከረው ሁለቱ ካልተያያዙ ቁጥጥሩ ግማሽ ሥራ ነው ብዬ ነው።

ጥንት በአገራችን መንግሥት ሕዝቡን ሲያናግር ነጋሪት ያስጎስም ነበር። በገበያ ቀን ሰው ሲበዛ ነጋሪቱ ይመታል፣ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማል። በአኝዋ መንደሮችም ከበሮ ከአለቃው ከኳሮ ሥልጣን ጋር የተያያዘ እንደነበር አባቶች ከኔ በላይ ያውቃሉ። የነጋሪቱ ወጪ በአዋጁ ባለቤት ላይ ነበር፤ ሰሚው ጆሮውን ብቻ ይዞ ይመጣል። ይህን ስል ያን ዘመን ለመናፈቅ አይደለም። የሚሰማው በዚያ ቀን ገበያ የዋለ ብቻ ነው፤ ቃሉም ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይጣመማል፤ በኋላ ክርክር ቢነሳ በእጅ የሚያዝ ማስረጃ የለም።

ይህን ጉድለት የሚሞላው ወረቀት ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ። ልብ በሉ፤ የማቋቋሚያው አዋጅ ቁጥር 1 ነው። በአዲሱ ጋዜጣ ሌላ ሕግ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ሕግ የሚወጣበት ቦታ በሕግ ተወሰነ ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአዋጅ ቁጥር 3 ተቋቋመ፤ በዚያ የታተመን ሕግ ማንኛውም የፌዴራልም ሆነ የክልል አካል፣ ማንኛውም ሰውም አውቆ እንዲቀበለው አዋጁ ይደነግጋል። ክልሎችም የየራሳቸውን አቋቁመዋል፤ የአማራ ክልል ሕጎቹን የሚያትምበትን «ዝክረ ሕግ» ይለዋል።

የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን የፊት ገጽ አይታችሁ ከሆነ ከታች በኩል «ያንዱ ዋጋ» የሚል መስመር አለ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለእኔ ግን የዛሬው ንግግር ግማሹ እሷ ውስጥ ነው። መንግሥት ሕጉን ለሕዝብ ሲሸጥ ዋጋውን ሁሉም በሚያየው ቦታ ያትማል። ያው መንግሥት ማስታወቂያውን በሕዝብ ገንዘብ ከጋዜጣ ሲገዛ ግን የተከፈለው የትም አይታተምም። በደረሰኝ ላይ አለ፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ አለ፤ በማስታወቂያው ላይ የለም።

አሁን ማን ምን እንደሚከፍል እንመልከት። ጨረታ ሲሆን ከፋዩ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ማለትም ግብር ከፋዩ። ባንክ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት መያዣ አድርጎ የያዘውን ቤት በሐራጅ ሲሸጥ የማስታወቂያው ወጪ ዞሮ ዞሮ በተበዳሪው ላይ ያርፋል። የይዞታ ካርታው የጠፋበት ሰው ምትክ ለማግኘት በጋዜጣ አስነግር ሲባል ከኪሱ ያወጣል። ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚከነክነኝ የፍርድ ቤቱ ጥሪ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ባሏ ወርቅ ፍለጋ ዲማ ሄዶ የቀረባትን አንዲት ሴት አስቡ። ለልጆቿ ቀለብ ትከሳለች። መጥሪያ ይወጣል፤ ተከሳሹ ግን አልተገኘም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለእንዲህ ያለው ምትክ መንገድ አለው። መጥሪያው በፍርድ ቤቱ በሚታይ ቦታና ሰውየው መጨረሻ በኖረበት ቤት ላይ ይለጠፋል፤ ወይም ፍርድ ቤቱ በመሰለው ሌላ መንገድ እንዲደርስ ይታዘዛል። በተግባር ያ «ሌላ መንገድ» ጋዜጣ ይሆናል። ከፋይዋ ከሳሿ ናት። ቀለብ የጠየቀች ሴት፣ ቀለቡን ከማግኘቷ በፊት፣ ሰውየው ሊያነበው ለማይችለው ጋዜጣ ገንዘብ ትፈልጋለች። ዲማ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ጋዜጣ አያገኝም። ቀኑ ሲደርስ አይቀርብም፤ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ ይፈረድለታል ወይም ይፈረድበታል። ከጊዜ በኋላ ተመልሶ «መጥሪያ አልደረሰኝም» ብሎ በቂ ምክንያት ካቀረበ ሕጉ ፍርዱ እንዲነሳለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። መዝገቡ እንደገና ተከፈተ ማለት ነው። የጋዜጣው ገንዘብ ግን አይመለስም።

እዚህ ላይ ዳኞችን አልወቅስም። ጋዜጣ የሚያዙት ማስረጃ ስለሚሆናቸው ነው፤ ቀኑ የታተመበት፣ ገጹ የታወቀ፣ ሊካድ የማይችል ወረቀት ነው። የግዥ ኃላፊውም እንዲሁ። ማስታወቂያ ሁለት ሥራ አለው፤ ማሳወቅና ማሳወቅን ማስረዳት። በኛ አካባቢ ጋዜጣው ሁለተኛውን ይሠራል፤ የምንከፍለው ግን ለሁለቱም ነው።

ወደ ብሩ እንምጣ። ጋዜጣ ማስታወቂያን የሚሸጠው በቦታ ነው፤ በአምድ ስፋትና በሴንቲ ሜትር ቁመት። ሒሳቡ እንዲገባን የኔን የፈጠራ ቁጥር ተቀበሉኝ። ማስታወቂያው ሁለት አምድ በ20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያ 40 ይሆናል። ለአንዱ 100 ብር ቢታሰብ 4,000 ብር ይመጣል። ግዥው የ20 ሚሊዮን ብር ከሆነ ማስታወቂያው ከመቶ ብር 2 ሳንቲም ነው፤ ማንም አይሰማውም። ግዥው የ200,000 ብር ከሆነ ግን ከመቶ 2 ብር ነው። ተወዳዳሪ ጠፍቶ ወይም ቀን ተሳስቶ «በድጋሚ የወጣ» ከሆነ 4 ብር። አንድ ዓይነት ታሪፍ ትልቁን መሥሪያ ቤት ሳይነካ ትንሹን ወረዳ ይቆነጥጣል።

አሁን ደግሞ ያንን 40 የሞላው ምን እንደሆነ እዩ። «የታደሰ የንግድ ፈቃድ ያላቸው፣ የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥር ያላቸው፣ ኦሪጅናልና ኮፒ በታሸገ ኤንቨሎፕ፣ የጨረታ ማስከበሪያ በሲ.ፒ.ኦ፣ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት፣ መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።» ይህን ጸሎት በቃሉ የማይወጣ ነጋዴ የለም። በየማስታወቂያው ይደገማል፤ በየማስታወቂያው ይከፈልበታል። የሚገዛው ዕቃ፣ ብዛቱ፣ ቦታው፣ ሰነዱ የት እንደሚሸጥ፣ የመዝጊያው ቀንና ሰዓት፣ ስልክ፤ ለመወዳደር የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የቀረው በጨረታ ሰነዱ ውስጥ አለ፣ ሰነዱን የሚገዛም ያገኘዋል። ታሪፉን አንድ ሳንቲም ሳይነኩ የጽሑፉን ርዝመት በመወሰን ብቻ ወጪውን በግማሽ መቀነስ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ መመሪያና የተዘጋጀ ቅጽ ነው።

ታሪፉ ራሱስ? መንግሥት በነጋዴ ዋጋ ውስጥ ለምን ይገባል የሚል አለ። መልሴ ይህ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥ አዋጅ ቁጥር 649 የጨረታ ጥሪ በአገር አቀፍ ደረጃ በሚሠራጭ ጋዜጣ እንዲወጣ ያዝ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። ሕግ «ከዚህ ዓይነት ጋዜጣ ግዛ» ሲል ገበያውን ለጥቂት ሻጮች አስረከበ ማለት ነው፤ ገዢው ትቶ መሄድ አይችልም። ሰውን እንዲገዛ ያስገደደ ሕግ በዋጋው በኩል ሊጠብቀው ይገባል። የመኪና ታሪፍ በየመናኸሪያው የሚለጠፈው ተሳፋሪው ምርጫ ስለሌለው አይደለምን?

ይሁንና ጋዜጦቹን ጨቁኑ አልልም። «አዲስ ዘመን» ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም የመንግሥት ጋዜጣ ነው፤ «ሪፖርተር»ን የመሳሰሉ የግል ጋዜጦችም አሉ። የጋዜጣ ወረቀት ከውጭ በምንዛሬ የሚገባ ነው፤ በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ምንዛሬ የት እንደደረሰ ሁላችንም በገበያ አይተናል። ለብዙ ጋዜጣ ዜናውን የሚያኖረው የማስታወቂያው ገጽ ነው። ስለዚህ ታሪፉን ያለ ጥናት ዝቅ ማድረግ ጋዜጣ መዝጋት ሊሆን ይችላል። ከዚህ የባሰም አለ። ታሪፍ ወሳኙና ማስታወቂያ አዳዩ አንድ እጅ ከሆነ፣ የወደደውን ጋዜጣ ያጠግባል፤ የጠላውን ያስርባል። ስለዚህ ታሪፉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀመር ይኑረው፤ ቀመሩም በተረጋገጠ ሥርጭት ላይ ይመሥረት።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ሕንድ ለመንግሥት ማስታወቂያ የሚከፈለውን በማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በኩል ከጋዜጣው ሥርጭት ጋር አያይዛ ስትወስን ኖራለች። በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች የሕግ ማስታወቂያን ዋጋ በመስመር ወይም በቦታ በሕግ ይተምናሉ፤ ፍሎሪዳ ደግሞ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ የአካባቢ መስተዳድሮች ከጋዜጣ ይልቅ በመንግሥት ድረ ገጽ እንዲያወጡ ፈቅዳለች። ጎረቤታችን ኬንያ በ2015፣ በኛ በ2007 መሆኑ ነው፣ የመንግሥት ማስታወቂያ ኤጀንሲ አቋቁማ በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትኖ የሚወጣውን «ማይጎቭ» በተባለ ሳምንታዊ ኅትመት ሰብስባለች። አንድ ላይ የገዛ መደራደር ይችላል። ጋዜጦች ግን የተከማቸ ውዝፍ አልተከፈለንም ብለው ሲያማርሩ ተሰምቷል፤ ዋጋ የሚቆጣጠር መንግሥት በጊዜው የመክፈል ግዴታም አለበት።

የማስታወቂያ ዋጋ ሲበዛ ከሚመጣው ሁሉ እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነው፤ ግዥን መሸንሸን። ትንሽ ግዥ በፕሮፎርማ ይሠራል፤ ከተወሰኑ ነጋዴዎች ዋጋ ተሰብስቦ ይወሰናል፤ ጋዜጣ አያስፈልገውም። የጋዜጣው ወጪና የሚጠበቀው ቀን የከበደው ሰው አንዱን ግዥ ሦስት አድርጎ በፕሮፎርማ ለመጨረስ ይፈተናል። የግዥ ሕጉ ይህን ይከለክላል፤ የሚከለክለውም ሰው ስለሚያደርገው ነው። ሰበቡ ሲጠየቅ «ወጪ ለመቆጠብ» ይባላል፤ ለጆሮም ይጥማል። ያው ሦስት ነጋዴ በየጊዜው ፕሮፎርማ ሲያስገባ የከተማው ሰው ግን ምክንያቱን ያውቀዋል። ርካሽና አጭር ማስታወቂያ የዚያን ሰበብ እግር ይቆርጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዋጋ፣ ወደ ሰሚው እንመለስ። የክልላችን የጋምቤላ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የሚኖሩበት ግን አኝዋ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖ፣ ኮሞ ናቸው፤ ከየአገሩ የመጣነውም አለን። አኝዋኛ በላቲን ፊደል ተምሮ የሚያነብ ወጣት በአማርኛ የወጣውን ጥቅጥቅ ያለ ማስታወቂያ አያነብም፤ እናቱም አታነበውም። መተርጎሙ ውድ ነው እንዳትሉኝ። የአፍ መፍቻ ቋንቋ መምህራን እዚሁ አሉ፤ ስድስት መስመር መተርጎም ከአንድ የጋዜጣ ሴንቲ ሜትር ይረክሳል። ማስታወቂያው ሲያጥር ትርጉሙም ይቀላል።

ማሰማቱስ? ዕድር ሞት የሚያረዳው በጡሩምባ ነው፤ ማንም ቀብር አልሰማሁም አይልም። በገበያ ቀን ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ ሸቀጥ ሲያስተዋውቅ እንሰማለን። በስደተኞች መጠለያ ጣቢያውም ነገር የሚነገረው በድምፅ ማጉያና በማኅበረሰብ ተወካዮች በኩል ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ወረዳዎች በጀታቸውን ሕዝብ በሚገባው መልክ በሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ልምዱ አለ። የሚጎድለው ለዚህ መንገድ ሕጋዊ ክብደት መስጠት ነው። በገበያ ቀን መነበቡን፣ በሰሌዳ መለጠፉን የቀበሌው ኃላፊና ሁለት ነዋሪዎች ፈርመው በፎቶግራፍ ቢያያይዙት ለምን ከጋዜጣ ቁራጭ እኩል ማስረጃ አይሆንም? እንዲያውም የተሻለ ማስረጃ ነው፤ ምክንያቱም የሚያረጋግጠው መታተሙን ብቻ አይደለም፣ መሰማቱን ነው።

የኤሌክትሮኒክ ግዥ መጥቷል፤ ጋዜጣው ያበቃለታል የሚል ሊኖር ይችላል። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓቱ ሥራ ጀምሯል፤ እኔም ደስ ብሎኛል፤ በሴንቲ ሜትር መክፈልን ያስቀራልና። ነገር ግን ኔትወርክ ሲጠፋ፣ መብራት ሲሄድ፣ የፑኝዶ አናጺ ከጋዜጣው ርቆ እንደነበረ ከድረ ገጹም ይርቃል። የጋዜጣው ስህተት በስክሪን እንዳይደገም፣ በየወረዳው ማስታወቂያውን አውርዶ የማተምና የመለጠፍ ግዴታ ያለበት አንድ ሠራተኛ በስም መመደብ አለበት። ጋዜጣው ሙሉ በሙሉ ይቅር አልልም፤ ከሩቅ የሚመጣ ተወዳዳሪ ለትልቅ ግዥ ያስፈልገናል፤ ድልድይ የሚሠራ ተቋራጭ በገበያችን አይገኝም። የተማሪ መቀመጫው ማስታወቂያና የድልድዩ ማስታወቂያ ግን በአንድ መንገድ መሄድ የለባቸውም።

እንግዲህ ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ። የመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ጋር ሆኖ በሥርጭት ላይ የተመሠረተ፣ በየዓመቱ የሚታደስ፣ ለሕዝብ የሚታተም ጣሪያ ያውጣ። የጽሑፉ ርዝመት ይወሰን። ቀለብ ለሚጠይቁና አቅም ለሌላቸው ከሳሾች የጋዜጣ ጥሪ ወጪ በመንግሥት ይሸፈን፣ ወይም በአካባቢው በሚሰማ መንገድ ይተካ። ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ ምንም በጀት የማይጠይቀውን ላንሳ፤ እያንዳንዱ የመንግሥት ማስታወቂያ ከግርጌው ሁለት ነገር ይታተምበት፤ የተከፈለበት ብርና በአካል የተነበበበት ቦታ። ነጋሪት ጋዜጣ «ያንዱ ዋጋ» ብሎ እንደሚጽፈው ማለት ነው። ከግርጌው «4,000 ብር፤ በፑኝዶ ገበያ አልተነበበም» የሚል ማስታወቂያ ለማውጣት የሚደፍር ኃላፊ ብዙ አይኖርም።

አዋጁን እኛ እዚህ ተቀምጠን አናወጣም። ጥያቄው ግን የእኛ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ወረዳው ሕዝብ ሲያወያይ እጃችሁን አንሡና ሦስት ነገር ጠይቁ። ዘንድሮ ለማስታወቂያ ስንት ብር ወጣ? ከዚያ ውስጥ «በድጋሚ» ለወጣው ስንቱ ሄደ? ከወጡት ማስታወቂያዎች ስንቶቹ በዚህ ከተማ ሰሌዳ ላይ ተለጠፉ? መልሱ ሲመጣ በአማርኛ፣ በአኝዋኛና በኑዌርኛ ተጽፎ ከፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። እሱን ለመለጠፍ የሚያስከፍለን የለም።